ስመ ጥር ሰውን ስለ ማግኘት

ሰው በተፈጥሮው ከራሱ ከፍ ያለውን ነገር መመልከት ይወዳል። ተራራ ሲያይ ቀና ይላል፤ ትልቅ ሰው በመንገድ ሲያልፍም ሥራውን ትቶ ወደ ደጅ ይወጣል። ያየውንም ቶሎ አይረሳም። ትናንት የበላውን ምሳ የማያስታውስ ሽማግሌ፤ ከኀምሳ ዓመት በፊት አንድ ዝነኛ ሰው እጁን የጨበጠበትን ቀን፣ ሰዓቱንና ሰውየው የለበሰውን የኮት ቀለም ሳይቀር አጣርቶ ይነግርሃል። ይህ ጠባይ በሁሉም አገርና በሁሉም ሙያ ያለ ቢሆንም፤ በቦክስ ዓለም በርትቶ ይታያል። በአሜሪካ ከተሞች በሚገኙት የቦክስ ማሠልጠኛ አዳራሾች ግድግዳው በፎቶግራፍ የተሸፈነ ነው። ሽማግሌ አሠልጣኞችና የቦክስ ወዳጆች በተገናኙም ጊዜ ጨዋታቸው ብዙውን ጊዜ «እገሌን ያገኘሁት ዕለት» በሚል ቃል ይጀመራል።

እኔም እንደዚህ ያለውን ትዝታ ሳነብና ስሰማ ቈይቼ አንድ ጥያቄ በልቡናዬ አደረ። ስመ ጥር ሰውን ማግኘት ላገኘው ሰው ምን ይጨምርለታል? ዝነኛውስ ሰው ለሚቀርበው ለማይታወቀው ሰው ምን ግዴታ አለበት? ሦስተኛም፤ አንድን ሰው በእውነት አገኘሁት ለማለት የሚበቃው ማን ነው? ነገሩ ሲያዩት የጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ሰውን እንዴት ማክበር እንደሚገባው የሚነካ ስለ ሆነ፤ በተለይ ወጣቶች ሊያስቡበት የሚገባ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፤ ይህ ትዝታ በቦክስ ዘንድ ስለ ምን እንደሚበረታ እንመልከት። ምክንያቱ ሁለት ይመስለኛል። አንደኛው፤ ቦክሰኛ ብቻውን የሚቆም ሰው መሆኑ ነው። በእግር ኳስ ዐሥራ አንድ ሰው ድሉንም ሽንፈቱንም ይካፈላል። ቦክሰኛው ግን ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ፤ በገመድ በታጠረ አራት ማዕዘን ውስጥ በብዙ ሺህ ዓይን ፊት ይቆማል፤ ፍርሃቱን፣ ጀግንነቱንና ድካሙን የሚሸሽግበት ልብስ የለውም። ስለዚህ ተመልካቹ ሰውየውን እስከ አጥንቱ ድረስ ያወቀው ይመስለዋል። ሁለተኛው ምክንያት፤ ቦክሰኞች አብዛኛውን ጊዜ ከድኻ ቤት የሚወጡ፤ የሚለማመዱትም በየሰፈሩ ባለ ተራ አዳራሽ መሆኑ ነው። በዲትሮይት ከተማ ብሩስተር በሚባለው የመዝናኛ ማእከል፤ ጆ ሉዊስ ስሙ ገና ሳይሰማ ሲለማመድ፤ ኤዲ ፈች የተባለ ቀጭን ወጣት በዚያው አዳራሽ ይለማመድ ነበር። ፈች በክብደት ከሉዊስ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ፈጣን ስለ ነበረ፤ ሉዊስ ከእርሱ ጋር መለማመድ ይወድ ነበር። ፈች ልቡ ጤናማ አለመሆኑ በሐኪም ምርመራ ስለ ታወቀ ለገንዘብ የሚዋጋ ቦክሰኛ ሳይሆን ቀረ፤ ነገር ግን ከታላላቆቹ አሠልጣኞች አንዱ ሆነ። ስለ እርሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዝነኛ ሰውን ከሚያገኙት መካከል ብዙዎቹ ግንኙነቱን እንደ ንብረት ይይዙታል። ጨበጥሁት፣ አነጋገረኝ፣ አጠገቡ ቆምሁ ይላሉ፤ ከዝናውም ጥቂት የተረፈረፈላቸው ይመስላቸዋል። በዘመናችን ደግሞ ሁሉም ሰው ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በኪሱ ስለ ያዘ፤ ዝነኛው በታየ ጊዜ ሕዝቡ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ከእርሱ ጋር በአንድ ሥዕል ለመግባት ነውና። እንዲህ ያለው ሰው ዝነኛውን አገኘ ለማለት ያስቸግራል። ፀሐይ የመታው ድንጋይ ይሞቃል እንጂ ብርሃን አይሰጥም፤ ማታ ሲሆን ሙቀቱም ይለቀዋል። የሻምፒዮንን እጅ የጨበጠ እጅ በማግሥቱ ያው የትናንቱ እጅ ነው፤ ሥራ ካልጨመረበት በቀር አይበረታም።

ይሁን እንጂ ይህን ደስታ ፈጽሞ መናቅ አይገባም። ሰው ታላቅነትን አይቶ ደስ ካላለው፤ ወደ ታላቅነት የሚወስደውን መንገድ ሊጀምር አይችልም። ክፋቱ በደስታው አይደለም፤ የሌላውን ሰው ላብ እንደ ራስ ላብ መቍጠሩ ላይ ነው። ከዚህም የሚብስ ሌላ አደጋ አለ፤ የሚያደንቀው ሕዝብ በሚደነቀው ሰው ትከሻ ላይ የሚጭነው ሸክም ነው። ለዚህ የጆ ሉዊስ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል፤ አገራችንንም ይነካል።

በሰኔ 1935 ጆ ሉዊስ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ሳለ፤ በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከኢጣሊያዊው ከፕሪሞ ካርኔራ ጋር ተገናኘ። ካርኔራ ቀድሞ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የነበረ፤ በክብደትም ሉዊስን ከሃያ አምስት ኪሎ በላይ የሚበልጥ ግዙፍ ሰው ነበር። በዚያ ጊዜ ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሯን ታዘጋጅ ነበር፤ ወረራውም በዚያው ዓመት በጥቅምት ተጀመረ። ስለዚህ የአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ ያንን ግጥሚያ እንደ ተራ ውድድር አላየውም። አንዱን ወጣት እንደ ኢትዮጵያ፤ ሌላውን እንደ ሙሶሊኒ አድርጎ ተመለከተው። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር ካርኔራን ደጋግሞ ጥሎ ባሸነፈ ጊዜ፤ በሀርለም መንገዶች ሕዝቡ በደስታ ወጣ። ይህን ስናስታውስ እኛ ኢትዮጵያውያን ልባችን መነካቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ለሚያስብ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። ሃያ አንድ ዓመት የሆነው አንድ የጥጥ እርሻ ሠራተኛ ልጅ፤ በሁለት ጓንቲው የአንድን ዘር ክብርና የአንድን ሩቅ አገር ነጻነት እንዲሸከም ተደረገ። የሚያጨበጭብለት ሕዝብ ይወደው ነበር፤ ዳሩ ግን የወደደው ራሱን ሉዊስን ነው ወይስ የራሱን ተስፋ?

ከሦስት ዓመት በኋላ፤ በ1938፤ ይኸው ሸክም በሌላ መልክ መጣ። ሉዊስ በ1936 በዐሥራ ሁለተኛው ዙር እርሱን ጥሎ ያሸነፈውን ጀርመናዊ ማክስ ሽሜሊንግን እንደገና ገጠመ። ናዚዎች ሽሜሊንግን የዘራቸው የበላይነት ምስክር ሊያደርጉት ፈልገው ነበር፤ አሜሪካም በሙሉ ከሉዊስ በስተኋላ ቆመች። ግጥሚያው በመጀመሪያው ዙር፤ በሁለት ደቂቃና በአራት ሴኮንድ ውስጥ አለቀ፤ ሉዊስም አሸነፈ። ሉዊስ ከ1937 እስከ 1949 ድረስ ሻምፒዮን ሆኖ፤ ማዕረጉን ሃያ አምስት ጊዜ ጠብቋል። በ1942 ሁለት ጊዜ ተዋግቶ ያገኘውን ገንዘብ ለባሕር ኀይልና ለምድር ጦር መረዳጃ ሰጠ፤ እርሱም ወታደር ሆኖ አገለገለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከጦርነቱ በኋላ የመንግሥት የግብር ዕዳ ተከመረበት። ዕዳውን ለመክፈል ካረጀ በኋላ ተመልሶ ተዋጋ፤ ለትርኢት በሚደረግ የትግል ጨዋታም ገባ። በመጨረሻ ዘመኑ በላስ ቬጋስ ከተማ በአንድ ትልቅ የቁማር ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆነ።

እንግዲህ እናስብ። በዚያ ሆቴል ስንት ሰው የጆ ሉዊስን እጅ ጨበጠ! ስንቱስ ወደ አገሩ ተመልሶ «ጆ ሉዊስን አገኘሁት» ብሎ ለልጆቹ ነገረ! እጅ መጨበጡ ግን ለሉዊስ የቀን እንጀራው ነበር። እነዚያ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ከልባቸው ያከብሩት ነበር። ነገር ግን ከእነርሱ ይልቅ ሉዊስን ያገኘው፤ በ1938 በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተመትቶ የወደቀው ሽሜሊንግ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። ሽሜሊንግ በ1954 ወደ አሜሪካ ሄዶ ሉዊስን ፈልጎ ጠየቀው፤ ወዳጆችም ሆኑ። ሉዊስ በተቸገረ ጊዜ በገንዘብ ረዳው፤ በ1981 በሞተም ጊዜ ለቀብሩ ወጪ እንዳገዘ ይነገራል። ደግሞም ይህ ሰው በ1938 በጀርመን አገር በአይሁድ ላይ ዝርፊያና ግድያ በተነሣ ጊዜ፤ የአንድ አይሁዳዊ ወዳጁን ሁለት ልጆች በሆቴል ክፍሉ ሸሽጎ አድኗል። ይህንንም ሥራውን ራሱ አላወራውም፤ ከዳኑት ልጆች አንዱ ከኀምሳ ዓመት በኋላ ገለጠው። በአፍ የሚወራው ዝና ሌላ፤ በስውር የሚሠራው ደግነት ሌላ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ፤ ዝነኛው ሰው ለሚቀርበው ሰው ምን ግዴታ አለበት? በ1960 ካሽየስ ክሌይ የሚባል የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ከሉዊቪል ከተማ ተነሥቶ ወደ ሮም ኦሎምፒክ ሲሄድ በኒው ዮርክ ዐለፈ። በዚያም ከቦክሰኞች ሁሉ አብልጦ የሚያደንቀው ሹገር ሬይ ሮቢንሰን በሀርለም የራሱ መጠጥ ቤት ስለ ነበረው፤ ወጣቱ ሊያየው ሄደና በደጁ ቆሞ ብዙ ሰዓት ጠበቀ። ሮቢንሰን በመጣ ጊዜ ግን ሥራ አለብኝ ብሎ በቸልታ ዐለፈው። ወጣቱ ወደ ሮም ሄዶ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ፤ ይህም የእኛ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈበት ያው ኦሎምፒክ ነው። ክሌይ ወደ በኋላ ስሙ ሙሐመድ አሊ ሆኖ በዓለም የታወቀ ሰው ሆነ። የዓለም ሻምፒዮን ከሆነም በኋላ ያንን የሀርለም ቀን አልረሳውም፤ ደጋግሞ ይናገረው ነበር። አባቶቻችን «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ያሉት እንደዚህ ላለው ነገር ነው። ሮቢንሰን ያንን ወጣት በማግሥቱ ረስቶት ይሆናል።

በዚህ ላይ ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። «ዝነኛ ሰው በቀን ሺህ ሰው ይለምነዋል፤ ለሁሉ ቢቆም ለሥራው፣ ለቤተ ሰቡና ለዕረፍቱ ምን ጊዜ ይቀርለታል? ሰው ዝነኛ ስለ ሆነ የሕዝብ ባሪያ መሆን አለበት?» ይለናል። ክርክሩ እውነት አለበት። ማንም ሰው ጊዜውን ለጠየቀው ሁሉ እንዲያድል አይገደድም፤ ሮቢንሰንም በዚያ ቀን ምን ጭንቀት እንደ ነበረበት የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ጊዜ መንፈግና ፊት መንፈግ የተለያዩ ናቸው። «ልጄ፤ ዛሬ አይመቸኝም፤ እግዚአብሔር ያበርታህ» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ፤ ፊትን አዙሮ ለማለፍ ከሚፈጀው ጊዜ አይበልጥም። ስጦታ መስጠት በውድ ነው፤ ሰውን እንደ ሰው ማየት ግን በማንኛውም ሰው ላይ ያለ ግዴታ ነው። ዝነኛው ደግሞ የእርሱ አንዲት ቃል በሌላው ልብ ውስጥ ብዙ ዓመት የምትኖር ስለ ሆነ፤ ኀላፊነቱ ይከብዳል። አሊ ይህን የተረዳው ይመስላል። ፈርም ላለው ይፈርም ነበር፤ ለልጆች በእጁ የአስማት ጨዋታ ያሳያቸው ነበር። በጥር 1981 በሎስ አንጀለስ ከተማ አንድ ሰው ራሱን ሊገድል ከፎቅ ላይ በቆመ ጊዜ፤ አሊ በአጋጣሚ በአቅራቢያው ስለ ነበረ፤ በመስኮት ብቅ ብሎ አነጋግሮ አወረደው። ያ ሰው ዝነኛ አገኘሁ ሊል ይችላል፤ በእርግጥም ያገኘው የራሱን ነፍስ ነው።

ሌላም ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። ታላቁ ግንኙነት የትኛው እንደሆነ በሰዓቱ አይታወቅም። አሊ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ፤ በ1954፤ አዲስ ብስክሌቱ ተሰረቀበት። እያለቀሰ ፖሊስ ሲፈልግ፤ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ልጆችን ቦክስ የሚያስተምር ጆ ማርቲን የተባለ ፖሊስ እንዳለ ተነገረው። ልጁ ሌባውን እንደሚደበድበው ሲዝት፤ ማርቲን ሰውን ለመምታት ከመዛት በፊት መዋጋት መማር እንደሚሻል ነገረው፤ ወደ ልምምዱም ጋበዘው። በዚያ ቀን ዝነኛ ሰው በዚያ አልነበረም፤ አንድ የሚያለቅስ ልጅና አንድ ከሥራው በኋላ ልጆችን የሚያሠለጥን ፖሊስ ብቻ ነበሩ። ማርቲን ልጁን ሥቆበት ወይም ገሥጾት ሊሰደው ይችል ነበር፤ ሰማው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ አንጀሎ ዳንዲ የሚባል አሠልጣኝ፤ ዊሊ ፓስትራኖ ከተባለው ቦክሰኛው ጋር ወደ ሉዊቪል በመጣ ጊዜ፤ ያው ልጅ ካረፉበት ሆቴል ስልክ ደውሎ ወደ ክፍላቸው ልውጣ አለ። ዳንዲም ፈቀደለት፤ ልጁ ከወንድሙ ጋር ገብቶ ስለ ልምምድና ስለ ኑሮ ሲጠይቃቸው ብዙ ሰዓት ቈየ። ዳንዲ በ1960 መጨረሻ የዚህ ልጅ አሠልጣኝ ሆነ። ልብ በል፤ ልጁ በዚያ ክፍል ፊርማ ለምኖ አልሄደም፤ ጥያቄ ይዞ ገባ፤ መልስ ይዞ ወጣ። ዝነኛን ሰው በእውነት ማግኘት የሚጀመረው ከዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት አሊን የሚያመሰግን ይመስላል። ነገር ግን የአንድን ሰው ጠባይ በአንድ ደቂቃ ቸርነት መመዘን አይቻልም፤ ይህን የሚያስተምረን ደግሞ ያው የአሊ ታሪክ ነው። አሊ በ1967 ወደ ጦር ሠራዊት አልገባም በማለቱ ማዕረጉና የመዋጋት ፈቃዱ ተወሰደበት፤ ከሦስት ዓመት በላይም ሳይዋጋ ቈየ። በዚያ በችግሩ ዘመን ጆ ፍሬዘር በገንዘብ እንደ ረዳውና ፈቃዱ እንዲመለስለት እንደ ተናገረለት ታውቋል። አሊ ወደ ውድድር በተመለሰ ጊዜ ግን፤ ሕዝብን ለመሳብና ባላጋራውን ለማስቈጣት ሲል ፍሬዘርን የነጮች አገልጋይ ብሎ ሰደበው፤ በ1975ም በአደባባይ ጎሬላ እያለ ቀለደበት። ሕዝቡ ሣቀ፤ ጋዜጦችም ጻፉት። የፍሬዘር ልጆች በትምህርት ቤት ሳይቀር በዚህ ስድብ እንደ ተዘበተባቸው ተነግሯል። ፍሬዘር በቡጢ የተመታውን ችሎ፤ ይህን ስድብ ግን ለብዙ ዓመታት በልቡ ይዞ ኖረ።

እንግዲህ አሊ ለሺህ እንግዶች በየመንገዱ የሰጠው ፈገግታ እውነት ነው፤ ለአንድ ባለ ውለታው ያደረሰው ቍስልም እውነት ነው። የትኛው ነው እውነተኛው አሊ? ሁለቱም ናቸው። ለማያውቁት ሰው ለአንድ ደቂቃ ደግ መሆን ቀላል ነው፤ ጭብጨባም ያስገኛል። ዘወትር ለሚያገኙት፣ ለሚፎካከሩትና ውለታ ላለበት ሰው ደግ መሆን ግን ከባድ ነው፤ ምስክርም የለውም። አሊ በ2001 በጋዜጣ በኩል ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2011 ፍሬዘር በሞተ ጊዜም፤ እርሱ ራሱ በሕመም ተዳክሞ ሳለ ቀብሩ ላይ ተገኘ። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ይቅርታው ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ዘግይቶ መምጣቱን ወጣቶች ልብ ሊሉት ይገባል። ቃል ከአፍ ለመውጣት አንድ ሰኮንድ ይበቃዋል፤ ከልብ ለመውጣት ግን ዕድሜ ይፈጅበታል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደረስን፤ ሰውን በእውነት ያገኘው ማን ነው? መልሱን ኤዲ ፈች በሥራው ሰጥቶናል። በጥቅምት 1 ቀን 1975 በፊሊፒንስ አገር፤ አሊና ፍሬዘር ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኙ። ሙቀቱ የከበደ ነበር፤ ሁለቱም እስከ ሞት ድረስ ተዋጉ ማለት ይቻላል። ዐሥራ አራተኛው ዙር ሲያልቅ የፍሬዘር ዐይኖች አብጠው የሚመጣውን ቡጢ ማየት አይችልም ነበር። የቀረው አንድ ዙር ብቻ ነበር። ፍሬዘር ልቀጥል ብሎ አጥብቆ ለመነ፤ የዓለም ሻምፒዮንነት ሦስት ደቂቃ ርቆ ይታየው ነበርና። ፈች ግን ውጊያውን አቆመ። ፈች በረጅም ሥራው በሪንግ ውስጥ የተመቱ ሰዎች ሲሞቱ ያየ ሰው ነው። በዚያ ሰዓት በአዳራሹ የነበረው ሕዝብና በዓለም ዙሪያ የሚመለከተው ሁሉ ሻምፒዮን ለመሆን የሚታገል ቦክሰኛ ያይ ነበር። ፈች ግን የልጆች አባት የሆነውን፣ ከነገ ወዲያም መኖር ያለበትን ሰው አየ። ፍሬዘር በዚያ ሰዓት ተቈጣ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖረ።

ከዚህ ጋር የአሊን የመጨረሻ ዘመን እናነጻጽር። ፈርዲ ፓቼኮ የተባለው የአሊ ሐኪም፤ አሊ መዋጋቱን እንዲያቆም መክሮ ስላልተሰማ በ1977 ትቶት ሄደ። አድናቂዎቹ ግን ገና ይጠሩት ነበር፤ ገንዘቡም ይጠራው ነበር። በጥቅምት 1980፤ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ሳለ፤ ቀድሞ የልምምድ ጓደኛው ከነበረው ከላሪ ሆልምስ ጋር ተገናኘ። አሊ መከላከል እንኳ አቅቶት ተመታ፤ ከዐሥረኛው ዙር በኋላ ዳንዲ ውጊያውን አቆመ። ሆልምስ አሸንፎ ሳለ አለቀሰ፤ የመታው የሚወደውን ሰው ነበርና። በ1984 አሊ የፓርኪንሰን ሕመም እንደ ያዘው ታወቀ። በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክን ችቦ ሲለኵስ እጁ ሲንቀጠቀጥ ዓለም ሁሉ አየና አለቀሰ። በ2016 ዐረፈ። ያ የተንቀጠቀጠ እጅ ነበር ብዙ ሺህ ሰው «ጨበጥሁት» እያለ የሚኰራበት።

ታዲያ በቦክስ የምንደሰት ሰዎች አንድ የሚያስጨንቅ ነገር ልንጠይቅ ይገባናል። አንድን ሰው እንወድሃለን እያልን፤ እስኪሰበር ድረስ እንዲዋጋልን የምንፈልግ ከሆነ፤ ፍቅራችን ለማን ነው? አድናቂ «ቀጥል» ይላል፤ ወዳጅ ግን ጊዜው ሲደርስ «ይበቃሃል» ለማለት ይደፍራል። አድናቂ ጭብጨባውን ይሰጣል፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወዳጅ ቍጣንና ጥላቻን ለመቀበል ቈርጦ አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ሰውን በእውነት አገኘው የሚባለው፤ በሰውየው ዝና ምንም ሳይጠቀም ለሰውየው ደኅንነት የሚያስብ ነው። ይህ ደግሞ በቦክሰኞች ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በመሥሪያ ቤት አለቃን፣ በትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪን፣ በሰፈር ባለጠጋን የሚያወድሱ ሰዎች በዙሪያው ብዙ ናቸው። ሲሳሳት የሚነግሩት ግን ጥቂቶች ናቸው፤ በወደቀም ጊዜ የሚጠይቁት ከጥቂቶቹም ያነሱ ናቸው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ! አንድ ቀን አንተም የምታደንቀውን ሰው ታገኝ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚከተለውን አስብ። አንደኛ፤ እንደ ሉዊቪሉ ልጅ ጥያቄ ይዘህ ቅረብ፤ ሥዕል ብቻ ይዘህ አትመለስ። ሁለተኛ፤ ሰውየው በዚያ ቀን ደክሞት ወይም አዝኖ ፊቱን ቢያዞርብህ፤ ለዘላለም አትፍረድበት፤ ነገር ግን አንተ በሌላው ላይ እንዳታደርገው ትምህርት አድርገው። ሦስተኛ፤ በአንድ ደቂቃ ፈገግታም ተሸንፈህ ጻድቅ ነው አትበል፤ ሚስቱን፣ ሠራተኛውንና ባላጋራውን እንዴት እንደሚይዝ ሳታውቅ ሰውን አወቅሁ ማለት አይገባም። አራተኛ፤ ካደነቅኸው ሰው የምትወስደው ነገር ቢኖር ትጋቱን ውሰድ፤ ዝናውን ለእርሱ ተውለት።

ከሁሉ በላይ ግን፤ ምናልባት ዝነኛ ሰው ሳታገኝ ትኖር ይሆናል። ቢሆንም በየቀኑ የሚያገኝህ ሰው አለ። ታናሽ ወንድምህ ትምህርቱን ሊጠይቅህ ይመጣል፤ ብስክሌቱ የተሰረቀበት ዓይነት ልጅ እያለቀሰ በደጅህ ያልፋል፤ ሥራ ፈላጊ በመሥሪያ ቤትህ በር ቆሞ ይጠብቅሃል። ለእነዚህ ሰዎች በዚያ ሰዓት ትልቁ ሰው አንተ ነህ። የምትናገረውን ቃል አንተ ማታ ትረሳው ይሆናል፤ እነርሱ ግን አርባ ዓመት ይይዙታል። ስለዚህ ሰው ሲቀርብህ ቀና ብለህ ፊቱን እየው፤ የምትሰጠው ነገር ባይኖርህ እንኳ መልካም ቃል አትንፈገው።